ከአስመራ የላክሽው ማርሽ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእልፍነሽ ሰንበታ፤ አስመራ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ራስ ምታቱ ተሻለሽ ወይስ ብርድ ሲመጣ አሁንም ይነሳብሻል? ባለቤትሽ ጋሼ ሙሉብርሃን ደህና ናቸው ወይ? ልጆቹስ አደጉ? ትንሿ መሄድ ጀመረች? እኔ እዚህ ናዝሬት ብስክሌት እየጠገንሁ አለሁ፤ ሰውነቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም።

ደብዳቤውን በአንቺ ስም አልላክሁትም። በጎረቤትሽ በእትዬ ሮማነወርቅ ስም ልኬ፣ ሰው ሰብስበው በማለዳ ካረዱሽ በኋላ፣ ለቅሶው ሲወጣልሽ እንዲሰጡሽ ለምኛቸዋለሁ። ስለዚህ ይህን ስታነቢ አልቅሰሻል። አባባ ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት ቅዳሜ አርፈዋል። ዘመዱ ሁሉ "መንገዱ እስኪመች፣ መጥታ አገሯ ላይ እስክታለቅስ ይደበቃት" ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልሁበትን ምክንያት ስሚና ወይ ፍረጂልኝ፣ ወይ ፍረጂብኝ።

ባለፈው ክረምት የላክሽልኝን ማርሽ መቼም አትረሽውም። የኔ ብስክሌት ከአንድ ጣልያን የተረፈ የውድድር ብስክሌት ነው፤ የኋላ እግሩ ላይ አምስት ማርሽ ቢደረደርም ሁሉም ጥቃቅን ናቸው፤ ትልቁ እንኳ ሃያ አንድ ጥርስ ነው። ናዝሬት ሜዳ ስለሆነ ለዕለት ሥራዬ አላነሰኝም፤ ዳገት ላይ ግን ወርዶ መግፋት ነው። አቦምሳ ድረስ እየሄድሁ አባባን ለመጠየቅ እንዲመቸኝ ባለ ሠላሳ ሁለት ጥርስ ፈልጊልኝ ብዬሽ፣ አንቺም የአስመራን ሱቅ ሁሉ ዞረሽ አገኘሽልኝ። አባባ ይህን ሲሰሙ፣ "እኔ በቀሩኝ ሁለት ጥርሶች ስንቱን ዳገት እወጣለሁ፣ እሱ ሠላሳ ሁለት ይዞ ካልመጣ አፍርበታለሁ" ብለው ልከውብኝ ነበር። እኔ ግን ዛሬ ነገ ስል፣ የሰው ብስክሌት ስጠግን፣ ማርሹ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ሳጥን ውስጥ ከረመ።

በጥር ወር አንድ ሐሙስ፣ ሱሌማን የሚባል የጭነት መኪና ረዳት ከአቦምሳ መልእክት ይዞ ሱቄ ድረስ መጣ። "አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፤ ቶሎ ይድረስ ብለውሃል" አለኝ። ቁጭ በል ብዬ ብለምነው እምቢ አለ፤ ዓይኔንም አላየኝ። እታለም፣ በእኛ አገር ለሩቅ ሰው እውነቱን የሚልክ ማን አለ? አጎታችን ገርባ የሞቱ ጊዜ "ጉንፋን ይዟቸዋል" ብለው አይደል የጠሩኝ፤ ስደርስ ሰልስታቸው ወጥቶ ነበር። አባባም ሞተዋል፣ ተቀብረዋልም ብዬ ቆረጥሁ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ጮኼ አለቀስሁ፤ ጎረቤቱም ተሰብስቦ አብሮኝ አለቀሰ። ሱሌማን ዓይኔን ያላየኝ መኪናው ጥሎት እንዳይሄድ ወደ ኋላው እያየ እንደነበር የነገረኝ በኋላ ነው።

ለሞተ ሰው ምን ይቸኮላል? አውቶቡሱ ነዳጅ አጥቶ ቆሟል፤ መሄጃዬ ብስክሌቱ ብቻ ነው። ለእማዬ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ነጠላ፣ ለለቀስተኛው ስኳር ገዛሁ። ያን ሁሉ ጭኜ በአሮጌው ማርሽ ዳገቱን እንደማልወጣው ስላወቅሁ ዓርብን ሙሉ ሥራ ላይ ዋልሁ። አሮጌው ማርሽ ዝጎ አልፈታ ቢለኝ በብረት መያዣው በሞርሳ ጠፍሬ፣ ጎማውን በሁለት እጄ ይዤ እየጠመዘዝሁ አላቀቅሁት። ለከተማ የሚበቁኝን ሁለቱን ትናንሾች አስቀረሁ፤ መካከለኞቹን ከሌላ አሮጌ ማርሽ ፈታሁ፤ መጨረሻ ላይ ያንቺን ሠላሳ ሁለት ጥርስ አስገባሁ። ሰንሰለቱ ቢያጥረኝ ቀጠልሁት፤ ማርሽ መቀየሪያው ከትልቁ ጥርስ ጋር ቢፋተግ ማንጠልጠያውን በቁራጭ ብረት አስረዘምሁት። እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። እያለቀስሁ ነበር የምሠራው፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ማምሻውን ሥራው ሲያምርልኝ ደስም ብሎኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ወለንጪቲን አልፌ፣ አዋሽን ተሻግሬ ዳገቱን ያዝሁት። ማርሹ እንዴት ይሄዳል! ከነጭነቱ አንዴም አልወረድሁም። በዘጠኝ ሰዓት ደጃችን ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ለሰልስት የመጣ ለቀስተኛ መሰለኝ። እማዬ እየጮኸች መጥታ ስታቅፈኝ ከኋላዬ የተጫነውን ጥቁር ልብስ አየችና ለቀቀችኝ። "ማን ነገረህ?" አለችኝ። "ነፍሱ የወጣችው ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው እኮ፤ ማን ቀድሞ ነገረህ?"

ሱሌማን የነገረኝ እውነቱን ነበር። ሐሙስ በሕይወት ነበሩ። ዓርብ እኔ ሰንሰለት ስቀጥልም በሕይወት ነበሩ፤ አልጋቸውን ወደ መንገዱ አስዙረው፣ የብስክሌት ደወል በሰሙ ቁጥር "እሱ ነው?" እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ። በአሮጌው ማርሽ፣ ዳገቱን ሁሉ በእግሬ እየገፋሁ እንኳ ብነሣ፣ ዓርብ ማታ አጠገባቸው ነበርሁ። ሰው ቀብራቸው ላይ ደርሰሃል እያለ ያጽናናኛል። እኔ ግን በሕይወት ላሉ አባቴ ጥቁር ገዛሁ፣ እታለም።

አንቺ ማርሹን ልኬ ነው ብለሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ። ማርሹ ምን አደረገ? ለአርባቸውም በእሱው ሄጃለሁ፤ ዳገቱን ስጨርስ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ እንጂ ብስክሌቱን ልሸጠው አልጨከንሁም። ይህን ሁሉ የጻፍሁልሽ ከእንግዲህ በእኔና ባንቺ መካከል የታመመው ታመመ፣ የሞተው ሞተ እንዲባል ነው።

ጋሼ ሙሉብርሃንን እግዚአብሔር ያጽናዎት በይልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። እትዬ ሮማነወርቅን ስለ ውለታቸው እጅ ንሺልኝ። ታናሻችን ደራርቱና ባሏ ኢተፋ ከአቦምሳ አይዞሽ ብለውሻል። እስከ ዛሬ ሰላምታውን የምጨርሰው በአባባ ነበር።

እማዬን ከአርባው በኋላ እኔ ዘንድ አምጥቻታለሁ። ሰሞኑን ጉንፋን ይዟት ትንሽ አሟታል። ይህችን መስመር ስጽፍ ምን እንደምታስቢ ታወቀኝና ጮክ ብዬ አነበብሁላት። "አታምንህም፤ እኔም ብሆን አላምንህም" አለችኝ። ተነሥታ አውራ ጣቷን የብስክሌቱ ሰንሰለት ላይ አሸት አሸት አደረገችና ወረቀቱን ተጫነችው። ከቀኑ በታች ያለው ጥቁር አሻራ የእሷ ነው።

ወንድምሽ ነጋሳ ሰንበታ
ናዝሬት፣ መጋቢት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.