የእናታችን መኳያ

ይድረስ ለወንድሜ ለማልኮስ፣ አንጾኪያ። እንዴት ከርመሃል? ሚስትህ ዶምና እንዴት ናት? ትንሹ ባራክ፣ ያ ሳል ለቀቀው ወይ? እኛ እሳቱን እያነደድን፣ ብርጭቋችንን እየነፋን እንደምታውቀን አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ተናድጄ ነው የምጽፍልህ።

ባለፈው ስትመጣ የእማዬን የነሐስ መኳያ ይዘህ ሄድክ። "ለአንጥረኛ አሳይቼ መቶ አስመስዬ አሠራለሁ" ብለህ ለባሌ ለናህራይ ነገርከው እንጂ ለእሷ አልነገርካትም። አንተ የብርጭቆ ሠሪ ልጅ አይደለህም እንዴ? አባባ ያንን መንታ ብልቃጥ በዚያው መኳያ ልክ እንደሠራው፣ ሌላ ዘንግ እንደማይገባበት ታውቃለህ። በአንዱ ጎን ኩሏ፣ በሌላው ጎን የዓይን መድኃኒቷ ነበር።

እማዬ ጠብቃ ጠብቃ ሲያቅታት በቀጭን የወይራ ጭራሮ መኳል ጀመረች። ተዪ ብላት፣ "ልጄ ተሳስቶ ይዞት ሄዶ ነው፣ ይልከዋል፤ እስከዚያ ምን ቸገረኝ" አለችኝ። ጭራሮው ዓይኗ ውስጥ ተሰበረ። ቀኝ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ማልኮስ። ግራውም እየደከመ ነው፤ ሐኪሙ የወይራ ለቀማው ሳያልቅ ይሄኛውም ይሄዳል ብሏል።

በዚህ ላይ ደብዳቤህ ደረሰ። አስመስዬ ያሠራሁት መኳያ ብቻውን ገዢ አጣ፣ ብልቃጡንም ላኩልኝ ትላለህ። ስለ ጤናዋ አንዲት ቃል የለችበትም። እግዜር ይይልህ። ሳነብላት ምን አለች መሰለህ? "በሱፍ ጠቅልይው፣ እጀታው ቀጭን ነው፣ መንገድ ላይ እንዳይሰበርበት።" ጮህኩ። ናህራይ፣ "የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንቺም ከዚያው ወጥተሽ ምን ያስጮህሻል" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። አልሳቅኩም።

ብልቃጡን ልኬለታለሁ ብያታለሁ። ዋሽቻታለሁ፤ አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ከፈለግከው ራስህ መጥተህ ውሰደው። ነጋዴ አትላክ፣ መኳያውንም በሰው እጅ አትላክ። እማዬ የምትፈልገው ፊትህን ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ሊያደርስልህ አይችልም።

ዶምናን ሰላም በልልኝ፤ በእሷ አልተቀየምኩም። ባራክን ጉንጩን ሳምልኝ። ናህራይ፣ "ከነንዴቷ ቻልኳት" እያለ ሰላምታውን ያቀርባል። እማዬማ ስለ ዓይኗ ምንም እንዳልነግርህ፣ ሰላምታ ብቻ እንድጽፍልህ ነበር ያዘዘችኝ።

ስትመጣ በግራዋ በኩል ቁም።

እህትህ ሰሎሚት
ጢሮስ፣ የወይራ ለቀማ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን