ከመሬት ስለወጣው የእናቴ መዋኛ ገንዳ

ለግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ የማፍረስ ትእዛዙ በራችን ላይ በተለጠፈ በሳምንቱ

ጉዳዩ፦ በግቢያችን ያለው መዋኛ ገንዳ እንዳይፈርስና ወደ ጉድጓዱ እንዲመለስ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች የገንዳው ባለቤት የሆነችው የልብስ ሰፊዋ ልጅና ሕጋዊ ወኪሏ ነኝ። በዚህ ዓመት በከተማ ፕላን ተመርቄያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ግንባታ ፈቃድ አሰጣጥ መቀላጠፍ ነበር። ይህን የማነሳው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ነገሩን በሥርዓት ካስረዳሁ አንብቦ የሚረዳኝ ሰው አይጠፋም ብዬ አሁንም ስለማምን ነው።

1. እናቴ ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያለ ደጋፊ መቆም አልቻለችም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ውኃ ውስጥ እንድትራመድ አዘዘችላት። በመጀመሪያ ወደ ሆስፒታሉ ገንዳ እንወስዳት ነበር። ከታክሲ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ውኃ የማታውቃቸው ወንዶች ተሸክመው ሲያወርዷት ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታሳልፈው። አንድ ቀን ግን፣ “ከእንግዲህ ወዲያ አልሄድም፤ እንደ ጆንያ መጫንና መራገፍ በቃኝ” አለች። የሟች አባቴን የጭነት መኪና ሸጠን ገንዳውን የገዛነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ፣ ሰፈሩ እንደሚለው ሀብት አቅብጦን አይደለም።

2. ገንዳው አንድ ወጥ ፋይበር ግላስ ነው፤ ትልቅ ጀልባ ይመስላል። በጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ገንዳው በክሬን ወርዶ ውኃ ተሞላ። ሰዎቹ ሲቆፍሩ እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ “ኧረ ቀስ በሉ፣ ገና አልሞትኩም!” እያለች ታስቃቸው ነበር። አክስቴ፣ “በስተርጅና ዓሣ ልትሆኚ ነው?” ስትላት፣ “ዓሣ ምን አለበት፤ ዳሌ የለው!” ብላ መለሰችላት። ውኃው ውስጥ ከገባች በኋላ ጠርዙን እየያዘች ተራመደች፤ ውሎ አድሮ ደግሞ ሳትይዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ ጀመረች። ክቡር ኃላፊ፣ ከአደጋው ወዲህ እናቴን ብቻዋን ስትሄድ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

3. ከዚህ በኋላ ለመጠቀሚያ ፈቃድ ምርመራ ባለሙያዎች እንደሚመጡ የሚገልጽ ማስታወቂያ ከጽሕፈት ቤትዎ ደረሰን። “ገንዳው ለምርመራ ጽዱና ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅ” ይላል። እኔ በዚያ ሰሞን ለሥራ ፈተና ሌላ ከተማ ነበርኩ። እናቴ ደግሞ ሰው ይመጣል ከተባለ ያልታጠበ ብርጭቆ የማታስቀምጥ ሴት ናት። ቅጠል የወደቀበት ውኃ ለመንግሥት ሰው አይታይም ብላ፣ ፓምፕ አስመጥታ ውኃውን እስከ ወለሉ አስወጣች። አክስቴን ውስጥ አስገብታ ወለሉን በሳሙና አሳጠበቻት። ራሷም ጠርዙ ላይ ወንበር አስቀምጣ፣ እጇ የደረሰበትን ሁሉ ፈተገች። ለባለሙያዎቹም መቀመጫ አስደርድራ ጠበቀች።

4. ባለሙያዎቹ ቀሩ። ገንዳው ባዶውን እየጠበቃቸው ዝናቡ መጣ። ሰፈራችን ረባዳ ስለሆነ ክረምት ላይ መሬቱ ውኃ ያቁራል። የተሞላ ገንዳ ክብደቱ ይዞት ይቀመጣል፤ ባዶውን ከሆነ ግን ከሥሩ የሚጠራቀመው ውኃ ሽቅብ ይገፋዋል፤ ባዶ ሳፋ ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ማለት ነው። ከፈተናው ስመለስ ገንዳው ከመሬት ወጥቶ፣ ባንድ ጎኑ ተንጋዶ፣ ዙሪያውን ያለውን ንጣፍ ሰባብሮ አገኘሁት። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ያለችኝ ነገር ቢኖር፣ “አጥቤው ነበር እኮ” ብቻ ነው።

5. የቁጥጥር ባለሙያው የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ዞር ዞር ብለው አዩና፣ “ፈቃዱ መሬት ውስጥ ላለ ገንዳ ነው፤ ይሄ ያለው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ያልተፈቀደ ግንባታ ነው” አሉ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ሰውዬው ግን አልሳቁም። ትእዛዙ ተጽፎ ተለጠፈ። ቀኑ ሲደርስ አፍራሽ ማሽን ይመጣል ተብለናል።

6. ወዲያው ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጥቼ ገንዳውን መልሶ ለማውረድ ፈቃድ ጠየቅሁ። የመስኮቱ ሠራተኛ፣ “የማፍረስ ትእዛዝ ባለበት ግቢ አዲስ ፈቃድ አይስተናገድም” አሉኝ። ትእዛዙ ይነሳልን ስል፣ “የሚነሳው ግንባታው ሲስተካከል ነው” አሉ። ያለ ፈቃድ እንዴት ይስተካከላል ብዬ ስጠይቅ፣ “እህቴ፣ ተመራቂ አይደለሽ? አንቺ ታውቂያለሽ” ብለው የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠሩ። እውነቱን ለመናገር አላውቅም። የተማርኩትን ሁሉ ባገላብጥ ለዚህ የሚሆን አላገኘሁም። ገንዳውን የሸጠልንም ድርጅት ስልክ ቁጥሬን ከለየው ወዲህ አያነሳም።

7. ሆኖም ነገሩ አልሞተም። ሌላ የገንዳ ባለሙያ ለምኜ አምጥቼ አሳይቻለሁ። ገንዳው አልተሰነጠቀም፤ ከሥሩ ያለው ውኃ በፓምፕ ከተሳበና ጉድጓዱ ከተስተካከለ ተመልሶ ይቀመጣል ብሏል። ንድፉን እኔው ሠርቼ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ካልጠራ በአካል ቀርቤ ለማስረዳት፣ ካስፈለገም ደጃፍዎ ላይ ለመጠበቅ ዝግጁ ነኝ።

ስለዚህ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ትእዛዙ እንዲታገድልን፣ ገንዳውን መልሰን እንድናወርድ እንዲፈቀድልን፣ ምርመራውም ውኃው እንደተሞላ እንዲደረግልን በትሕትና እለምናለሁ።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ ግን አንዲት ነገር ላስቸግርዎ። አክስቴ በንዴት፣ “በገዛ እጅሽ አበላሸሽው” ካለቻት ወዲህ እናቴ ስለ ውኃ አታነሳም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወደ ሆስፒታሉ ገንዳ እንድትመለስ ደውላ ብትለምናት፣ “ለኔ ውኃ አይገባኝም” ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። እግሯ ከቀን ወደ ቀን እየደረቀ ነው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ስላት፣ “አንቺማ ልጄ ነሽ፣ ሌላ ምን ትይኛለሽ” ትለኛለች። የመንግሥት ደብዳቤ ግን ታምናለች፤ ማስታወቂያውን አምና አይደል ወለሉን ያሳጠበችው?

ስለሆነም መልስዎ እምቢታም ቢሆን፣ ማስታወቂያው ውኃው እንዳይወጣ አለማስጠንቀቁን፣ እሷም የታዘዘችውን ብቻ መፈጸሟን የሚገልጽ አንድ መስመር ይጨመርበት። ከቤት ስለማትወጣ ደብዳቤውን በረንዳው ላይ ተቀብላ መጀመሪያ የምታነበው እሷው ናት።

ከጥልቅ አክብሮትና ገና ካልተቆረጠ ተስፋ ጋር ሰላምታዬ ይድረስዎ፣

(ፊርማ)
የልብስ ሰፊዋ ልጅና ወኪል