ለኦቻን ያነበብኩለት ደብዳቤ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6። ጠዋት 12፡30

ክፍል ሦስትን ጠርጌ ጨረስኩ። የኪቦርዶቹን ጨርቅ አራገፍኩ። ከአንደኛው ሥር እንሽላሊት ወጣች። ገና በጠዋቱ ላብ በላብ ነኝ።

ደብተሬ፣ እንግዳዋ መ/ርት ገብታለች። ኢንግሪድ ትባላለች፤ ከኖርዌይ፣ ከአንድ የሙዚቃ አካዳሚ። ነገሩ ልውውጥ ነው። እሷ እዚህ ጋምቤላ ስድስት ሳምንት ታስተምራለች፤ ከእኛ የሙዚቃ ማሠልጠኛ ሁለት ተማሪ ለአምስት ወር ወደዚያ ይሄዳል። አንዷ የእኔ ልጅ አሪየት ናት። ሌላው ኪቦርድ የሚጫወተው ቾል። ስማቸው ጽ/ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ልማድ እስካሁን አልተውኩም።

ዘበኛው «እትዬ ዘነበች፣ ልጅሽ እኮ በረዶ ላይ ልትተኛ ነው» ብሎኝ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የአገሩን ስም ስሰማ ግን መጥረጊያዬን አንሥቼ ሄድኩ። ምክንያቱን ለአንተም ጽፌልህ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9። ከሥራ መልስ

ዛሬ መስኮት ስወለውል ነበር፣ በውጭ በኩል። ውስጥ ኢንግሪድ ትናገራለች፣ ዳይሬክተሩ ይተረጉማል። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም የአካዳሚዋ ሰዎች እዚህ መጥተው አንድ የቶም ተጫዋች ቀድተው ነበር አለች። (ቶም አሪየት የምትጫወተው ነው። በሁለት አውራ ጣት ይመታል፤ ምላሶቹ ብረት፣ ሆዱ እንጨት።) ቅጂውን እስከ ዛሬ ያስተምሩበታል። ሦስት ወር መጥቶ እንዲያስተምር በደብዳቤ ጠርተውት ነበር። መልስ አልመጣም። ልውውጡም እዚያው ላይ ቀረ። ስሙን ከወረቀት ላይ ፈልጋ አነበበች። ኦቻን።

ተማሪው ሁሉ ወደ አሪየት ዞረ። እኔ አንዱን መስታወት መልሼ መላልሼ ወለወልኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ድልድዩ ላይ አስቆመችኝ። ባሮ ሞልቷል፣ ውሃው ቀይ ነው። ዓይኗ እንዲህ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«እማ፣ ዓመቱን ቆጠርኩት። ያኔ እኔ ሆድሽ ውስጥ ነበርኩ! አስቢው እስቲ፣ አውሮፕላን ሰጥተውት እኔን መረጠ! ታውቂ ነበር?»

አላስታውስም አልኳት። ይኸው፣ ሌላ ውሸት።

አርብ፣ ጥቅምት 10። ማለዳ

እንግዲህ ልጻፈው። ብጽፈውም አይቀለኝም።

ኦቻን ባሌ አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም ነበር። እኔ ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ከማዳበሪያ ጆንያና ከመዝሙር መጽሐፍ ላይ ለቃቅሜ ነው። በዚህ ይኮራብኝ ነበር። ወረቀት ይዞ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ፣ ሚስቴ ታነብልሃለች፣ ይለዋል።

ደብዳቤው መጣ። እንግሊዝኛው ከላይ፣ አማርኛው ከታች። ኦቻን እግሩን እየታጠበ ነው። በይ አንብቢልኝ። የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ። ወላጆቼ አቦቦ ያሉ ሰፋሪዎች ናቸው፤ የአገሬውን ሰው አገባሽ፣ ቤተ ክርስቲያንሽን ተውሽ ብለው ፊት ከነሱኝ ሁለት ዓመት። ከእሱ ሌላ ሰው የለኝም። ከሄደ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ዓይኔ ጥሪውን ያያል፣ አፌ ሌላ ይናገራል። ስለ ቅጂው እናመሰግናለን፣ እግዚአብሔር ይባርክህ፣ አልኩት።

ይኸው ነው? አለኝ።

ይኸው ነው አልኩት።

እሱ በሌለበት ሳምንት ሙሉ አነበብኩት። ከዚያ እሳት ውስጥ ከተትኩት። በዓመቱ ኦቻን ሥራ አጣና ወርቅ ሊቆፍር ዲማ ወረደ። ጉድጓዱ ተናደበት። አሪየት ገና በዳዴ ነበረች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13። ምሳ ሰዓት

አልሄድም አለች።

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። አይደለም። አባቴ ጥሪ መጥቶለት ከቤቱ አልወጣም፤ እኔም አንቺን በዚህ ጉልበትሽ ትቼ አልሄድም፣ አለች። ጉልበቴ ደህና ነው አልኳት። ሂጂ አልኳት፤ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። አቅፋ ሳመችኝ።

«ለእሱም ሂድ ብለሽዋል፣ አይደል? እንቢ አለሽ! የእሱ ልጅ አይደለሁ?»

ባልዲዬን አንሥቼ ወጣሁ። ሽንት ቤቱን ሁለቴ አጠብኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15። ጠዋት 1፡00

ሁሉም ያመሰግናታል። ይህ ነው ጭንቁ። ትናንት አቻላ፣ የኦቻን እኅት፣ ዓሣ ይዛ መጣች። አሪየትን ጭንቅላቷን ይዛ፣ ወንድሜ ተመልሶ መጣ፣ አለች። አለቀሰች። ለእኔም የዓሣውን ጭንቅላት ሰጠችኝ፤ ክብር ነው። ጎረስኩት። ቀሪውን ለአሪየት ሰጠሁ።

የማይቀበላት ቾል ብቻ ነው። ብቻዬን እዚያ ብርድ ልትጥዪኝ? ማንጎ እንኳ የለም አሉ፣ በማን ልጽናና? እያለ ሊያስቃት ይሞክራል። ኢንግሪድም ከፋት፤ ግን የቤተሰብ ነገር ነው ብላ አልተጫነቻትም። ዳይሬክተሩ ቀን ቆርጧል። እስከ አርብ ስድስት ሰዓት ካልፈረመች ቦታዋ ለተጠባባቂው።

ዝም ብል ትቀራለች። የመረጣት አባት ይኖራታል። እኔም እኖራታለሁ። ከዚያስ? እኔ የምጠርገውን ክፍል ጠርጋ ታረጃለች። ብናገር ትሄዳለች፤ አባትም እናትም ሳይኖራት።

ሌሊቱን ጸለይኩ ልልህ ነበር። አልጸለይኩም። ምን ብዬ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16። ከሰዓት 11፡00

ነገርኳት።

ክፍል ሦስት ነው። ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ሰቅያለሁ። እሷ መስኮቱ ሥር የቶሟን ምላሶች ታስተካክላለች። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ነገርኳት። መቀመጥ አልቻልኩም። አጭር ነው። ሃያ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ተናግሬው ሲያልቅ መጥረጊያው ገና እጄ ላይ ነው።

አልጮኸችም። ደብዳቤው ምን ይል ነበር ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

አልኩላት። በቃሌ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳልደናቀፍ። ለተከበሩ አቶ ኦቻን። ድምፅዎን ተማሪዎቻችን ደጋግመው ሰምተዋል፤ ከእጅዎ ሊማሩ ይፈልጋሉ። ለሦስት ወር እንግዳችን ይሁኑ። ቤተሰብ ካለዎት ይጻፉልን፣ አብረው የሚመጡበትን መንገድ እንፈልጋለን።

እዚህ ላይ እጇን አነሣች። መልሺው አለችኝ። መለስኩት። ቤተሰብ ካለዎት ይጻፉልን።

አዎ ደብተሬ፣ ይህንን ለአንተም ደብቄህ ነበር። ይህን መስመር ለኦቻን ካነበብኩለት በኋላ ነው ያየሁት፣ በማግስቱ። አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። አፈርኩ። አሁን ብናገር ምን ይለኛል ብዬ፣ በሐፍረት ብቻ።

ለእሱ ያነበብሽለትስ? አለችኝ። እሱንም አልኩላት።

«ምን አለ?»

«ይኸው ነው? አለ።»

ቶሟን በነጠላዋ ጠቀለለች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

አርብ፣ ጥቅምት 17። 7፡00

ትናንት ቤት አልገባችም። አቻላ ጋ ናት።

ዳይሬክተሩ ጠራኝ። ቅጾቹን ኮፒ አድርጊ፣ አምስት አምስት። የቾል ከላይ ነው። ቀጥሎ የእሷ። ፈርማለች። ፊርማዋን ሳየው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁት። ትሄዳለች። እኔ ተናግሬ ትሄዳለች።

ከዚያ ጣቴን ከፊደሉ ሥር አስኬድኩ። የእናት ስም፦ የእኔ። አደጋ ቢደርስ የሚጠራ የቅርብ ዘመድ፦ ወ/ሮ አቻላ፣ አክስት። ስልክ የእሷ። አድራሻ የእሷ።

በትክክል ነው ያነበብኩት።

አምስት ኮፒ አደረግኩ። መብራት ሊጠፋ ሲል አራተኛው ጠቆረ፤ ደገምኩት። በስቴፕለር መትቼ ወሰድኩለት። ዳይሬክተሩ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። አሜን አልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21። ጠዋት 12፡30

አሪየት እሑድ ልብሷን ልትወስድ መጣች፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን እያለሁ። ሰዓቱን አውቃ ነው። አልጋዋን አንጥፋ ሄዳለች።

አቻላም ገበያ ላይ አየችኝና በሌላ መንገድ ዞረች። እውነቷን ነው።

ዛሬ ኢንግሪድ በዳይሬክተሩ በኩል አስጠየቀችኝ። ተማሪዎቹ የሚሄዱ ዕለት ቤተሰብ ኤርፖርት ይሸኛል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አካዳሚው ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። የኦቻን ሚስት መሐል ትቁም ብላለች። ሴትዮዋ ምንም አታውቅም። አሪየት አልነገረቻትም። ለእኔ አዝና ይሁን ለአባቷ አፍራ፣ እንጃ።

ወሰንኩ። ያን ዕለት ሥራ እገባለሁ። ፎቶው ላይ አልቆምም። እሷ ራሷ ነይ ካላለችኝ ከግቢው አልወጣም። አውሮፕላኑ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ድምፁ ክፍል ሦስት ድረስ ይሰማል። እስከዚያ አራት ሳምንት አለ። በየቀኑ እዚሁ ኮሪደር ላይ እንተላለፋለን። ዛሬ ጠዋት ስታልፍ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ተጠንቀቂ አልኳት። ቆመች። አልዞረችም፣ ግን ቆመች፤ እኔም ሌላ ቃል ስፈልግ፣ በደረቁ በኩል ዞራ አለፈች።