ሦስት ኪኒን በአንድ ማዕድ

ሆሳዕና ከተማ፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዋለ ኤሊያስ፣ የቀበሌያችን ክሊኒክ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከደጃፍዎ ከሚሰለፈው ሕዝብ የራቀው ጤና በእርስዎ ዘንድ ተትረፍርፎ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ታናሽ እኅቴ አስካለች ቁርጥማት ጸንቶባት ወደ ክሊኒክዎ በመጣች ጊዜ ስለተደረገላት ቸርነት በአደባባይ ላመሰግን ወድጄ፣ ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌአለሁ።

አንደኛ፣ መድኃኒት ሰጪዎ ኪኒኑን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ «በቀን ሦስት፣ ከምግብ በኋላ» ብሎ በመስኮት ስላቀበላት አመሰግናለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የተማረችው እኅቴ ቁራጩን አገላብጣ ብታነብ፣ ስለ ቡና ምርት ብዙ ዕውቀት ገበየች እንጂ ስለ ኪኒኑ አንዳች አላገኘችም።

ሁለተኛ፣ ወቅቱ ሁዳዴ መሆኑን፣ ጿሚም በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንደሚበላ ከከተማው ሁሉ ተለይቶ ሳያውቅ የቀረው ክሊኒክዎ ብቻ በመሆኑ፣ እኅቴ ጾሟንም የሐኪምንም ቃል ላለማፍረስ ስትል ሦስቱን ኪኒን በአንድ ማዕድ ስትውጥ ሰነበተች። ታዛዥነት እንዲህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሆዷን እንደ እሳት ሲያቃጥላት ተመልሳ ብትመጣ፣ እርስዎ ራስዎ ወጥተው ጾም ኋላ ቀር ልማድ መሆኑን ለተሰለፈው ሕዝብ በሰፊው አስተምረው፣ ለሕመሟ ማስታገሻ ያንኑ ኪኒን ጨምረው ስለሰጧት ውለታዎ አይረሳም። ይህ ኪኒን ጨጓራን እንደሚያቆስል፣ ሆድ ሲያቃጥልም ሊቆም እንጂ ሊጨመር እንደማይገባው ከሌላ ሐኪም የሰማነው፣ ሰገራዋ እንደ ቅጥራን ጠቁሮ ደሟ ውስጥ ውስጡን መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ነው።

አሁን ከአልጋ መነሣት ተስኗታል። ሆስፒታሉ ያለ መሸኛ አይቀበልም፤ መሸኛው ያለ እርስዎ ፊርማ አይጸናም፤ እርስዎም ስለ ሕዝብ ጤና በሚመክር ስብሰባ ላይ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እንዳሉ ጸሐፊዎ በትሕትና ነግራኛለች። ይህንኑ ለእኅቴ ባስረዳት፣ «እኔስ እጠብቃለሁ፤ ደሜን ማን ያስጠብቀው?» አለችኝ።

ፊርማዎን ተስፋ ያላደረገ፣ የንስሐ አባቷን ያስጠራ፣ ለስብሰባዎ ግን መልካም ፍጻሜ የሚመኝ፣

ወልደ ሰንበት ጥሩሰው

ማሳሰቢያ፦ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሰፊያ ያንኑ ኪኒን ከዚያው መስኮት በዚያው ቃል ተቀብለው ዛሬ ገቡ፤ ረመዳንም ነገ ይገባል። ሦስቱን በማፍጠሪያው ሰዓት በአንድነት እንዳይውጡ፣ ጿሚ መሆናቸውንም አስቀድመው ለሐኪም እንዲነግሩ መክሬአቸዋለሁ። ሐኪም ሳልሆን መምከሬ ጥፋት ከሆነ፣ ከስብሰባው ሲመለሱ ይቅጡኝ፤ ከለቅሶው ቤት አያጡኝም።