የምሳ ሰዓት ደንበኞቼ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬም ያው። ጠዋት አንድ ፍቺ፣ አንድ የአጥር ክርክር። ስድስት ሰዓት ላይ ጸሐፊዬ ለምሳ ወጣች (ራዲዮ ነው የምላት፣ ወሬዋ አይዘጋም)። ከዚያ ሙታኑ ገቡ። አራት ናቸው። ወረፋ የሚባል ነገር አያውቁም... በሕይወት እያሉም አያውቁ ይሆናል።
እንዲህ ስንሠራ ሁለት ዓመታችን። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለማንስ ልበል? ታላቅ እህቴ ብትሰማ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ነው የምትወስደኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
አዲስ ደንበኛ። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ግንቦት ላይ ልባቸው ቀጥ ብሎ የሞቱ። ቤታቸው ለአንድ ልጃቸው ነበር የሚገባው። አሁን ወንድማቸው ኑዛዜ ይዞ ብቅ አለ፣ ቤቱ የኔ ነው ብሎ። ልጅቷ በዚህ ወር ልትባረር ነው።
"እኔ ኑዛዜ የሚባል ጽፌ አላውቅም፣ ልጄ።"
"ሌላ ጠበቃ ጋ አልሄዱም?"
"ሄጄ ነበር። ስጮኽበት ዋልኩ፣ መቼ ሰማኝ።"
ውክልና ላስፈርማቸው እስክሪብቶ አቀበልኳቸው። በእጃቸው መሃል አልፎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ይሄን ስሠራ ስንተኛ ጊዜዬ ነው? ሁለታችንም ሳቅን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ልጅቷን አገኘኋት። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ነው የምትሠራው።
"ማን ላከዎት?"
"አባትሽን የሚያውቅ ሰው።" ውሸት ነው? አይደለም። ውክልናውን እሷ ፈረመችልኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
የኑዛዜው ግልባጭ መጣ። ሚያዝያ 20 ተፈረመ ይላል፣ አራት ምስክር ባለበት። የምስክሮቹን ስም ጮክ ብዬ ለልብስ ሰፊው ሳነብላቸው ከበሩ በኩል አንዱ "አቤት" አለ።
ፀጉር አስተካካይ ነው። ሳምንት ሙሉ በሩ ጋ ቆሞ ያላስተናገድኩት ሟች።
"አራተኛው እኔ ነኝ። ምንድነው የፈረምኩት?"
"አንተ መቼ ነው የሞትከው?"
"የካቲት ሁለት።"
ልብስ ሰፊው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ወንድምየው ፍርድ ቤት ጠርቶ የማይጠይቀው ምስክር ፈልጎ፣ የሞተ ሰው መርጧል። መቼ እንደሞተ ግን አላጣራም። ጠረጴዛውን እየደበደብኩ ሳቅሁ። ለካ ራዲዮ ቀድማ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች።
"ስልክ ላይ ነኝ" አልኳት። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ማዘጋጃ ቤት። የሞት የምስክር ወረቀት ፍለጋ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ "ሟቹ ምንሽ ነው?" ሲለኝ "ደንበኛዬ" ልል ለጥቂት ተረፍኩ። ወረቀቱን አገኘሁት። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19
ችሎት። ወንድምየው ሦስቱን ምስክሮች አቀረበ። "አራተኛው በቅርቡ አርፏል" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። አንደኛውን ምስክር ጠየቅኩት።
"ፀጉር አስተካካዩ ሲፈርም ቆሞ ነበር ተቀምጦ?"
"ተቀምጦ። መነጽሩን አድርጎ።"
"መነጽር አድርጌ አላውቅም፣ ቀጣፊ" ይላል ፀጉር አስተካካዩ ከኋላዬ። ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። ከዚያ ወረቀቱን አቀረብኩ። ዳኛዋ ሁለቴ አነበቡት።
"ሰውየው ከሞተ ሁለት ወር ካለፈው በኋላ ነው የፈረመው?"
ወንድምየው ላብ በላብ ሆነ። ኑዛዜው ውድቅ ተደረገ። ቤቱ የልጅቷ ነው። ደስታዬን የት ላድርሰው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20
ልጅቷ ልታመሰግነኝ መጣች፣ ልክ በምሳ ሰዓት። አባቷ መስኮቱ ጋ ቆመው ዐይናቸውን አይነቅሉባትም።
"ግን ስለ ፀጉር አስተካካዩ ማን ነገረዎት?"
እንደ ልማዴ ልዋሽ አፌን ከፈትኩ... አልዋሸሁም። ሁለት ዓመት ያመቅኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደቀለለኝ። እሷ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ ቃኘች።
"አባቴ አሁን እዚህ አለ?" አለች።
"መስኮቱ ጋ።"
"ምን ይላል?"
ትልቅ ነገር የሚናገሩ መስሎኝ ጠየቅኳቸው። "የኮቷ ግራ ትከሻ ስፌቱ ጠሟል። ፈትታ ትስፋው" አሉ። እንዳለ ነገርኳት።
እጇ ትከሻዋ ላይ ሄደ። "ራሴ ነኝ የሰፋሁት። እሱ ከሞተ በኋላ።" እየሳቀች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።
ራዲዮ ስትመለስ መርፌና ክር ለመንናት። ሰጠችን። ልጅቷ ኮቷን አውልቃ ስፌቱን ፈታችው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ አቀብላለሁ፣ እሷ ትሰፋለች።
"ጠበቅ አድርጊው ይሉሻል።"
"ጠበቀ።"
"አሁን በዛ ይላሉ።"
"ድሮም እንዲህ ነው የሚያደርገኝ" አለች። ራዲዮ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች፣ አንዲት ቃል አልወጣትም። ሦስታችን እንደዚህ ስንነታረክ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ኮቱን ለበሰችና ወደ መስኮቱ ዞረች።
"አሁንስ?"
ቀና ብዬ አየሁ።
"ሄደዋል" አልኳት። "ስፌቱ ቀጥ ባይል አይሄዱም ነበር።"