በቀን አንድ ሚሊሜትር

ኅዳር 5

ሐሙስ። ቁርስ፦ ዳቦና የቀዘቀዘ ሻይ። ሻዩ መንገድ ላይ ምን እንደሚነካው አላውቅም። ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት እስከ እኛ ክፍል ሃያ እርምጃ ነው... እግር ላለው ሰው ማለቴ ነው።

የእኔ እግር ብረት ለብሷል። ከጉልበት በታች እስከ ቁርጭምጭሚት ሦስት ቀለበት፤ ከቀለበቶቹ የሚነሱት ሽቦዎች አጥንቴን በስተው ያልፋሉ። ታናሽ እህቴ ቁንጫ (አሥራ አራት ዓመቷ፣ ንክሻዋ ግን የሃምሳ ዓመት ሴት) ትናንት አይታው፣ «አንቴና መስለሻል። ስንት ጣቢያ ይይዛል?» አለችኝ።

«አንቺን የሚዘጋ ጣቢያ እየፈለግኩ ነው» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት ዓመቴ ላይ አጥንቴ መግል ያዘ። መግሉ ዳነ፤ እግሬ ግን አኮረፈና ማደግ ተወ። ከቀኙ በአራት ሳንቲሜትር ያጥራል። አሁን አጥንቱን ቆርጠው ቀስ እያሉ እየሳቡት ነው። በክፍተቱ ውስጥ አዲስ አጥንት ይበቅላል ይላሉ። ብሎኖቹን በትንሽ ቁልፍ ጠዋት ሩብ ዙር፣ ቀትር ሩብ፣ ከሰዓት ሩብ፣ ማታ ሩብ። ድምር፦ በቀን አንድ ሚሊሜትር። ቀንድ አውጣ ብታየን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ከወሩ መባቻ ስለጀመርን ዛሬ ክፍተቱ አምስት ነው።

ከዚያ ደግሞ ጥናቱ አለ። ፕሮፌሰሩ ከራሴ መቅኔ ፈሳሽ አዘጋጅቶ ክፍተቱ ውስጥ ወግቶልኛል፣ አዲሱ አጥንት ቶሎ እንዲጠነክር። ይሠራል? አይሠራም? እሱን ለማወቅ ነው ጥናቱ። ዘጠኝ ሰዎች ነን። ወረቀት ላይ ስም የለንም፤ እኔ «ሰባት» ነኝ።

ፕሮፌሰሩን እንቁላል ብዬዋለሁ። አንደኛ፣ አናቱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። ሁለተኛ፣ በገባ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ከሱ በፊት ማንም ብሎት እንደማያውቅ ሆኖ።

ኅዳር 7

ሲስተር ቁልፉን ሰጠችኝ። ከወረቀት ጋር።

«ትልቅ ልጅ ነሽ፣ ራስሽ አዙሪው። ባዞርሽ ቁጥር እዚህ ምልክት አድርጊ።»

«ባላዞርስ ማን ያውቃል?»

«አጥንትሽ» አለችና ሄደች። ሲስተር ቀልድ አታውቅም፤ በመርፌ ነው የምትግባባው።

ሕመሙ... የጥርስ ሕመም እግር ቢያበቅል ይሄን ይመስል ነበር። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሥጋዬ እስኪለምደው አንድ ሰዓት። በቀን አራት ጊዜ።

ኅዳር 10

አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ልብስ ሰፊ ናቸው። እትዬ መርፌ እላቸዋለሁ፤ ሥራቸውም መርፌ፣ ምላሳቸውም መርፌ። ጭናቸው ተሰብሮ አልገጥም ብሎ ሊሞላው ነው ሦስት ዓመት፣ በየካቲት። የስፌት መኪናቸውን መርገጥ አይችሉም። የኛ የዘጠኛችን ውጤት ካማረ ሁለተኛው ዙር ይጀመራል፤ የመጀመሪያዋ ተወጊ እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት እግሬን እንደ ሎተሪ ቁጥር ያዩታል።

«እንዴት አደረ የኔ ተስፋ?»

«እኔ ነኝ እግሬ?»

«አንቺንማ ማን ይጠብቅሻል!»

ዛሬ በስልካቸው ድራማ ስናይ ዋልን። ባልየው በሠርጉ ቀን መንታ ወንድም እንዳለው አወቀ። ስንስቅ ቆየንና... ሳላዞር ቀረሁ። አንድም ዙር። ሳያመኝ መዋል እንዴት ደስ ይላል! ነገም ልድገመው ይሆን?

ኅዳር 12

ደገምኩት። ከዚያ ትናንት ከሰዓት ሳስበው ሐሙስ ራጅ አለ፤ እንቁላል ክፍተቱን በማስመሪያ ይለካል። ስለዚህ የሁለቱን ቀን ስምንት ሩብ ዙር በአንድ ጊዜ አዞርኩት። ትራሱን ነክሼ። ወረቀቱንም ሞላሁ።

ዛሬ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቀለ። ለካ። «አሥራ ሁለት! ልክ እንደ ሰዓት!» ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ፣ «ይህችን ልጅ ተመልከቱ። ሳይንስ ማለት ሥርዓት ነው።»

ሥርዓት! ሳቄ እንዳያመልጠኝ ብርድ ልብሱን አፌ ውስጥ ከተትኩት።

ኅዳር 14

ዘዴው፦ የአራት ቀኑን እሑድ፣ የሦስት ቀኑን ረቡዕ። ሰባት ቀን ከማለቃቀስ ሁለት ቀን አልቅሶ መገላገል ይሻላል። የቤት ሥራስ ቢሆን በዋዜማው አይደል የሚሠራው? ወረቀቱን በሁለት ስክሪብቶ ነው የምሞላው። የማታዎቹን ምልክቶች ትንሽ አጣምማቸዋለሁ፣ እንቅልፍ እየጣለኝ ያደረግኳቸው እንዲመስሉ። ጥበብ ይሉሃል ይሄ ነው።

ኅዳር 17

እማዬ ከትምህርት ቤት መጣች። ዳይሬክተሩ፣ «በየካቲት መጀመሪያ ካልተመለሰች ዓመቱን ትደግማለች» ብሏል። ከደገምኩ ከቁንጫ ጋር አንድ ክፍል ነኝ። ከቁንጫ ጋር! ቶሎ መጠንከር አለበት ይሄ አጥንት። ፈሳሹ አለልኝ።

ኅዳር 19

አሥራ ዘጠኝ። «እንደ ሰዓት!»

ኅዳር 26

ሃያ ስድስት። «እንደ ሰዓት!» አዋቂ ሰው ቁጥር ካየ ሌላ ነገር አያይም።

ታኅሣሥ 3

ሠላሳ ሦስት። «እንደ ሰዓት» አላለም።

በዚህ ጊዜ ክፍተቱ ውስጥ ነጭ ነገር መታየት ነበረበት፣ እንደ ጭስ። የእኔ ጥቁር ነው። ባዶ። ሁለቱ የአጥንት ጫፎች በገደል ግራና ቀኝ እንደቆሙ ሰዎች ይተያያሉ። እንቁላል መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገ፣ ደግሞ አወለቀ።

«ዙሩን ታዞሪያለሽ አይደል?»

«ወረቀቱ ላይ አለ።»

ወረቀቱን አየ። ራሱን ነቀነቀ። አመነ። ለምን ያምናል?

ታኅሣሥ 4

እማዬ ኮሪደሩ ውስጥ እንቁላል ላይ ጮኸች። በሩ ክፍት ነበር።

«ልጄን መሞከሪያ አደረጋችኋት! የኔ ልጅ ወረቀት ናት የምትሞካክሩባት?»

 እናቴ ሌላ ሰው ላይ እንዲህ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም፤ ብዙውን ጊዜ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሲስተርን ቀስ ብዬ ጠየቅኋት፦ አጥንት ለምን እምቢ ይላል?

«ብዙ ምክንያት አለው። አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲሳብ ይበጠሳል። አዲሱ አጥንት መጀመሪያ እንደ ሸረሪት ድር ነው። ያንቺ ግን እሱ አይደለም፣ አንቺ በሥርዓት ነው ያዞርሽው።»

እንደ ሸረሪት ድር። እሑድ እሑድና ረቡዕ ረቡዕ በጥሼው ነበር ማለት ነው።

ታኅሣሥ 6

ጥናቱ ሊቆም ነው። ሦስት ቁጥር ቁስሏ አመርቅዞ ወጥታ ነበር፤ ሰባት ደግሞ አልበቀለላትም። ሁለት ሰው ላይ ካልሠራ ይቁም ይላል ሕጉ። ሁለተኛ ዙር የለም።

እትዬ መርፌ ሲነገራቸው «እሺ» ብቻ አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ የኔ ሚስኪን። ያላንቺ ጥፋት።» ልጃቸው ያመጣላቸውን ብርቱካን ሰጡኝ። ላጥኩት። በላሁት። ምን ላድርግ?

ታኅሣሥ 8

እንቁላል ብቻውን መጣ። ያለ ተማሪ፣ ያለ ተረት። ወንበር ስቦ ከአልጋዬ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ሠላሳ ዓመት ያመንኩበት ነገር ነው። ስህተቱ የኔ ነው። አንቺ የሚጠበቅብሽን ሁሉ አድርገሻል። ወረቀትሽ አንድ እንከን የለውም።»

ከአፌ የወጣው «ችግር የለም» ነው። እኔ! ይቅር አልኩት!

አናቱን ሲደፋ አየሁት። የተዘጋጀ ቀልድ ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

ታኅሣሥ 9

ዛሬም አልነገርኩም።

ታኅሣሥ 10

ነገርኩት።

ጠዋት ሲገባ፣ «ፕሮፌሰር፣ ወረቀቱ ውሸት ነው» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም። እሑዱን፣ ረቡዑን፣ ሁለቱን ስክሪብቶ። የጠማሞቹን ምልክቶች ሳይቀር።

መጀመሪያ ፊቱ በራ። በእውነት በራ! «ፈሳሹ አይደለማ! ፈሳሹ አልነበረም!» ብሎ ተነሳ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ብርሃኑ ጠፋ። ቢቆጣ ምን ነበረበት?

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኅዳር አሥር።»

ጻፈው። የእያንዳንዱን ሳምንት ቀን ጠየቀኝ፣ ጻፈ። ከዚያ ገጼን ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ መስመር ሰረዘው። «ሰባት ወጥታለች» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«ጥናቱ አሁን ይቀጥላል አይደል?»

«ኮሚቴው ነው የሚፈቅደው። በሦስት ወር አንዴ ይሰበሰባል።»

«እና መቼ ነው?»

«ትናንት ነበር። መቆሙን አጽድቀው ተበተኑ።»

ትናንት።

ታኅሣሥ 11

ለእትዬ መርፌም ነገርኳቸው። ልብስ እየዘመዘሙ ነበር፤ እጃቸውን አላቆሙም።

«ደንበኛ ሲያስቸኩለኝ» አሉ፣ «በረጃጅሙ ወጋ ወጋ አድርጌ መስጠት እችል ነበር። ሲሰቀል ልብስ ይመስላል። የሚተረተረው ሲለበስ ነው። አንድም ቀን አላደረግኩትም።»

«እትዬ...»

«ብርቱካኑን በላሽው?»

«በላሁት።»

«እሱንም በአንድ ጊዜ ነው?»

ሳቅ መሰለኝና ቀና አልኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

እማዬ ደግሞ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄደች፣ የጮኸችውን ልትመልስ። ስትመለስ ከኔ ጋር አላወራችም። ማምሻው ላይ ብቻ፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች። አልቸኮልኩም ነበር፣ እማ። ሰነፍኩ። አፍስሼ ያስለቀምኩት ሌላ ሰው ነው። ለሱ ተረት አላችሁ?

ታኅሣሥ 14

እትዬ መርፌ ወጡ። አልጋው ለሌላ ሰው ተፈለገ፤ ለሳቸው እዚህ የሚደረግላቸው ነገር የለም። ሁለት ክራንች፣ አንድ ፌስታል። በሩ ላይ ቆም አሉ። «ደህና ሁኚ» ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። ክራንቹ ተጠላልፎባቸው ነው።

ታኅሣሥ 20

አጥንቱን ወደ ኋላ እየመለሱት ነው። ሠላሳ ሦስቱንም ሚሊሜትር። ጫፎቹ ይገናኙና እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ያለ ፈሳሽ፣ በቀን ግማሽ ሚሊሜትር። ቁልፉ ሲስተር ኪስ ውስጥ ነው። ስታዞር እማዬ ቆማ ታያለች፣ ከዚያ ትፈርማለች። እንደ ባንክ።

የካቲት 6

ትምህርት ቤት ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ተጀመረ። ቁንጫ መጣች። «ለሚቀጥለው ዓመት አጠገቤ ቦታ ልያዝልሽ? መስኮት ጋ ነው። ካልረበሽሽ ታናሼ አደርግሻለሁ።»

መልስ ፈለግኩ። አልመጣም።

ጠበቀችኝ። ከዚያ ደነገጠች። «ቀልዴን ነው እኮ» አለች፣ «ስደቢኝ በናትሽ!»

የካቲት 20

ራጅ። ፕሮፌሰሩ ብርሃን ላይ ሰቀሉት፤ ብዙ ቆዩ። ሳልጠይቃቸው በስክሪብቷቸው ጫፍ አሳዩኝ። ክፍተቱ መሐል ነጭ፣ ስስ፣ እስትንፋስ መስታወት ላይ የሚተወው ዓይነት።

«ይኸው አጥንትሽ» አሉኝ።

 ድሮ ቢሆን ተማሪዎቻቸውን ይጠሩ ነበር።

መጋቢት 11

ኮሚቴው ከትናንት ወዲያ ተሰብስቧል። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ። ጥናቱ ይቀጥላል፤ የሌሎቹ ሰዎች አጥንት ጠንክሮ ተገኝቷል፣ ሁለተኛው ዙርም ተፈቅዷል። መዝለል ቃጣኝ። «እትዬ... ልብስ ሰፊዋስ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ለሁለተኛው ዙር የሚመረጠው ስብራቱ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሰው ብቻ ነው። የሳቸው የካቲት ሃያ ስድስት ሞላ።

«በአሥራ ሦስት ቀን?»

«መስፈርት ነው ልጄ። አንዱን ካጠፍኩ ውጤቱን ማን ያምነዋል?»

እኔ ምን አፍ አለኝ።

ከሰዓት ደወልኩላቸው። ቁጥራቸውን ከሲስተር ለምኜ።

«ሰምቻለሁ» አሉኝ ገና ሳልጀምር።

«ምን እየሠሩ ነው አሁን?»

«የሸሚዝ ቁልፍ እተክላለሁ። በእጅ። ቁልፍ እግር አይፈልግም።»

«እትዬ፣ እኔ...»

«ያንቺስ? ስንት ደረሰ?»

«ሃያ ሦስት ሚሊሜትር።»

«ቁጥሩንማ ድሮም ታውቂበታለሽ። ውስጡን ነው የምጠይቅሽ። ነጭ ነው?»

«ነጭ ነው።»

 ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ለእርግማን መልስ አላጣም።

«እሰይ» አሉ። «እሰይ፣ የኔ ልጅ።» ከልባቸው ነበር። ዘጉት።

ስልኩን እንደያዝኩ ሲስተር ቁልፉን ይዛ ገባች። እማዬም ልትፈርም ተነሳች። እግሬን ዘረጋሁ።

«በጣም አመመሽ እንዴ?» አለችኝ ሲስተር።

ገና አልነካችኝም ነበር።