የበሩ አምፖል

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አባትህ ከሥራ ሳይመለስ

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? የላክሁልህን ሹራብ እየለበስኩት ነው ብለሃል፤ ለብሰህ የተነሳኸው ፎቶ እስኪመጣ ግን አላምንህም። እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አባትህ ነው። ሰውዬው አንድ ነገር ሲደብቀኝ ከረመ።

ባለፈው ወር አንድ ካርቶን አምፖል ታቅፎ መጣ፤ እነዚህን ኤልኢዲ የሚሏቸውን ኃይል ቆጣቢዎች። መሰላሉን ከወርክሾፑ አምጥቶ ከሳሎን እስከ መታጠቢያ ቤት አንድም ሳያስቀር ቀየረ። ሌላ ሰው ቢሆን ደግ አደረገ እል ነበር። አባትህን ግን ታውቀዋለህ፤ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲበይድ የኖረ ዓይኑ ነጭ ብርሃን አይችልም። ለዚያች ደብዛዛ ቢጫ አምፖል ስንት ዓመት ጠብ የገጠመኝ ሰው ነው። ምን ታይቶህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ትንሽ መብራት ነው የሚበላው ብሎ ዘጋኝ። ነገሩ አልጣመኝም።

አዲሱ ብርሃን ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። በመጀመሪያው ምሽት መስተዋት ፊት ብቆም አንዲት የማላውቃት አሮጊት አፈጠጠችብኝ። የግድግዳው ስንጥቅና የሶፋው እድፍ ሁሉ አደባባይ ወጣ። አባትህም ስንጥቁን አይቶ ቀለም ገዝቶ መቀባት ጀመረ። ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ቤቱን ሊሸጠው ነው አልኩ፤ ሰው ቤቱን እንዲህ የሚያሳምረው ለገዢ ነው። አንተ ከወጣህ ወዲህ ስምህን አንድ ቀን አላነሳም። አንድ ቀን ትታረቃላችሁ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ቤቱ ከተሸጠ ግን ወዴት ትመጣለህ? እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፣ ልጄ።

በዚህ ላይ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መጣች። መስኮቷ በራችን ፊት ለፊት መሆኑን አትርሳ፤ ከስፌቷ ይልቅ የእኛን ደጃፍ ነው የምታየው። የበራችሁ መብራት እስኪነጋ የሚበራው ለማን ነው አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወንድ በስተርጅና ቤት ማሳመር ሲጀምር ዝም ብለሽ አትዪ ብላኝ ሄደች። ስቄ ሸኘኋት። ማታ ግን ኮቱን አነሳሁና አሸተትኩት። ከብረትና ከጭስ በቀር ምንም አልነበረበትም።

የበሩ ነገር ግን አልለቀቀኝም። የማታው ዜና ሲያልቅ የበሩን መብራት ማጥፋት የአባትህ ሕግ አልነበረም? ያመሸ ሰው በጨለማ ይዳብስ ያለ እሱ ነው። አንተም በዚያ ሕግ ምክንያት የቁልፉን ቀዳዳ አጥተህ በሩን ስትደበድብ ነው ያን ሁሉ ክፉ ቃል የተለዋወጣችሁት፤ በማግስቱም ሻንጣህን ይዘህ የወጣኸው። አሁን እኔ ልተኛ ስል አጠፋዋለሁ፤ ጠዋት በርቶ አገኘዋለሁ። ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ የሚያርፈው በእሱ ትራስ ላይ ነው። ዓይኑን በፎጣ ሸፍኖ ያድራል እንጂ ተነስቶ አያጠፋውም። አሁንስ እውነትም ለሆነ ሰው ምልክት ነው አልኩ።

ትናንት ቁርስ ላይ አላስችል አለኝ። ቤቱን ልትሸጠው ነው ወይ ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። ምን ነካሽ አለኝ።

"ታዲያ የበሩ መብራት ለማን ነው የሚያድረው?"

ስኳር ያላደረገበትን ሻይ ማማሰል ጀመረ። ብዙ አማሰለ።

"የቁልፉ ቀዳዳ አይታይም ነበር" አለ ቀና ሳይል። "አሁን ይታያል።"

 ታዲያ የቤቱን ሁሉ አምፖል ምን አስቀየረህ አልኩት።

"የበሩን ብቻ ብቀይር ታውቂብኛለሽ ብዬ ነዋ።"

ኮቱን ለብሶ ወጣ። እኔ እንደዚያ ካለቀስኩ ስንት ጊዜዬ ነው። በዚያ ነጭ ብርሃን ስር ማልቀስ ደግሞ ምንም አያምርም።

ዛሬ ጠዋት ወጥቼ በሩን አየሁት። ቁልፉ አልተቀየረም፤ ያው የድሮው ነው፤ ግን ዘይት ተቀብቷል። ያንተ ቁልፍ እጅህ ላይ አለ አይደል? ጠፋብኝ እንዳትለኝ፤ አላምንህም። ይህን መጻፌንም ለአባትህ እንዳታነሳበት፤ ዘይቱን ያላየሁበት ይመስለዋል።

እግርህን ከእንቅፋት፣ ደረትህን ከብርድ ይጠብቅልኝ። ስትመጣ ቀን ላይ ልድረስ ብለህ አትቸኩል፤ ማታ ብትደርስም ግድ የለም።

ሁሉን የምትጠረጥር፣
እናትህ